ጋሻ ጃግሬው፤ ስለ ውዲ ስትሮድ የረዳት ተዋናይነት ጥበብ

በሲኒማ ቤትና በቪዲዮ ቤት ባደገው ተመልካቻችን አንደበት «አክተር» የሚለው ቃል ተዋናይ ማለት አይደለም። መሪው ገጸ ባሕርይ፣ ጀግናው ማለት ነው። «አክተሩ አይሞትም» ይባላል፤ «አክተሩ ደረሰ» ሲባል ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። ከእርሱ ጋር በሸራው ላይ የሚታዩት ሠላሳና አርባ ሰዎች ሙያቸው ከሙያው ጋር አንድ ሆኖ ሳለ በዚህ አነጋገር ከተዋናይነት ተራ ይሰረዛሉ፤ የሚመቱ፣ የሚወድቁ፣ ፈረስ የሚይዙ፣ በር የሚከፍቱ ጥላዎች ሆነው ይቀራሉ። ቋንቋ የኅብረተሰብን አመለካከት ያንጸባርቃል ከተባለ፣ ይህች ትንሽ የአነጋገር ልማድ ስለ ኪነ ጥበብ ያለንን አመለካከት አጋልጣ የምታሳይ ናት።

የጉዳዩ ክብደት በሸራ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። የትምህርት ቤት የድራማ ክበብን ወይም የወረዳ የኪነት ቡድንን የመራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከልምምዱ ወራት ሁሉ አስቸጋሪው ቀን ሚና የሚደለደልበት ቀን ነው። ንጉሡን፣ አርበኛውን ወይም ሙሽራውን ሆኖ ለመጫወት የሚሽቀዳደመው ብዙ ነው፤ አሽከሩን፣ መልእክተኛውን፣ ዘብ ጠባቂውን እንዲጫወት የታዘዘው ወጣት ግን ራሱን እንደ ተቀጣ ይቆጥራል። በቅጣት የተቀበለውን ሚና ደግሞ እንደ ቅጣት ይጫወተዋል፤ ጦሩን ተደግፎ ቆሞ ከተመልካቹ መካከል ዘመዶቹን ይፈልጋል። ትርኢቱ ሲያበቃም የምስክር ወረቀቱና ጭብጨባው ለመሪ ተዋናዩ ይሰጣል። የመድረካችን ድክመት ብዙ ምክንያት ቢኖረውም፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት ከዋናዎቹ አንዱ ረዳት ተዋናይነት ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን አለማስተማራችን ነው። የሚገርመው ደግሞ በዘፈናችን ይህን ጠንቅቀን የምናውቅ መሆናችን ነው። አውጪ ያለ ተቀባይ እንደማይዘፍን፣ ተቀባዩ ከሰነፈ የአውጪው ድምፅ ምንም ቢያምር ጨዋታው እንደሚበርድ የማያውቅ የለም። በድራማ ጊዜ ይህን ዕውቀት በር ላይ ጥለነው እንገባለን።

ይህን ጥበብ ለማስረዳት የመረጥነው ሰው ውዲ ስትሮድ የተባለው አሜሪካዊ ጥቁር ተዋናይ ነው። (የፊልሞቹና የሕይወት ታሪኩ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።) የካውቦይ ፊልም ረዳት ተዋናይ በአዊ ምድር ለሚኖር መምህርና ከያኒ ምን ይፈይድለታል የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ፈረስ ነው። እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ለሚያይ፣ ይህ ሕዝብ በኮርቻ ላይ የተቀመጠን ሰው አይቶ ለመፍረድ ከማንም የፊልም ሐያሲ ያላነሰ ዓይን እንዳለው ግልጽ ነው። ከዚያም በላይ በዓሉ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የዘመቱ አርበኞች ብቻ ሳይሆኑ ተሸክመዋቸው የሄዱት ፈረሶች ውለታ ጭምር የሚታሰብበት ነው። የተሸከመውን፣ የረዳውን፣ አንድ ቃል ያልተናገረውን ማክበር ለእንጅባራና ለዳንግላ ሰው ከውጭ የሚመጣ ትምህርት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ይህ ሰው በሆሊውድ ሸራ ላይ ሁለት ጊዜ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የታየ መሆኑ ነው።

ስትሮድ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1914 በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። ሙሉ ስሙ ውድሮው ዊልሰን ዎልዊን ስትሮድ ነበር፤ ስሙ የወጣለት በዘመኑ በነበረው ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ያ ፕሬዚዳንት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ጥቁርና ነጭ ሠራተኞች ተለያይተው እንዲሠሩ የተደረገበትን አስተዳደር የመራ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ ሲማር በአትሌቲክስና በአሜሪካ እግር ኳስ ስመ ጥር ሆነ፤ በ1939 በነበረው ቡድን ውስጥ ኬኒ ዋሽንግተንና በኋላ በቤዝቦል የዘር አጥር ያፈረሰው ጃኪ ሮቢንሰን ጓደኞቹ ነበሩ። የአሜሪካ የባለሙያዎች እግር ኳስ ሊግ ከ1934 ጀምሮ ለጥቁሮች የዘጋውን በር በ1946 የከፈቱት ከሎስ አንጀለስ ራምስ ጋር የፈረሙት ዋሽንግተንና ስትሮድ ናቸው። ስትሮድ ያን ጊዜ 32 ዓመት ሆኖት ነበርና የጉልበቱ ዘመን በደጅ ጥናት አልፎ ነበር። ከዚያ ወደ ካናዳ ሄዶ በ1948 ከካልጋሪ ቡድን ጋር ዋንጫ አገኘ፤ ቀጥሎም በክፍያ የሚታገል ትግለኛ ሆነ። ስለዚህ ወደ ትወና የመጣው ከድራማ ትምህርት ቤት አይደለም። ከሜዳ ነው፤ ፊልም ሠሪዎቹ የፈለጉትም ድምፁን ሳይሆን ቁመናውን ነበር። ይህን መርሳት አይገባም፤ በኋላ የምናደንቀው ጥበብ የተሠራው ከዚህ ዓይነት መናኛ ፍላጎት ውስጥ ተቆፍሮ ነውና።

በ1956 የቀረበው የሰሲል ዴሚል «አሥርቱ ትእዛዛት» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ወጣቱ ሙሴ (ቻርልተን ሄስተን) ከኢትዮጵያ ዘመቻ ተመልሶ የኢትዮጵያን ንጉሥና እኅቱን በፈርዖን ፊት ያቀርባል፤ እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ወዳጅ እንዲቀበላቸውም ይጠይቃል። ታሪኩ በኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 12 ላይ ሙሴ ኢትዮጵያዊት ማግባቱ ከተጠቀሰው ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ዝርዝሩ የተወሰደው ጆሴፈስ ከተባለው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ነው። ያ ንጉሥ ስትሮድ ነው። ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ንጉሡ ገብቶ፣ ቆሞ፣ ክብሩን አሳይቶ ያልፋል። በዚያው ፊልም ላይ ደግሞ የፈርዖንን ልጅ በወንበር ከሚሸከሙት ሰዎች አንዱ ሆኖ ይታያል። በአንድ ፊልም፣ በአንድ ደመወዝ፣ ንጉሥም ተሸካሚም! ለዴሚል ጥቁር አካል ጥቁር አካል ነው፤ ዘውድ ቢደፋም ሸክም ቢሸከምም ልዩነቱ የልብስ ክፍሉ ጉዳይ ነው። በእኛ በኩል አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ትልቅ መድረክ በ1948 ዓ.ም. ማለትም በዚያው ወቅት ተከፍቶ ተዋናዮቻችን ነገሥታትን እየተጫወቱ እንደ ነበር ስናስታውስ ነገሩ ከማስቆጣት ይልቅ ፈገግ ያሰኛል። ያም ሆኖ ስትሮድን ያየ ሰው፣ ንጉሥነቱን ከዘውዱ ሳይሆን ከአንገቱ አቋቋም ያመጣው መሆኑን አይክድም።

ሁለተኛው ኢትዮጵያዊ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ስፓርታከስ» (1960) ከሃዋርድ ፋስት ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ፋስት መጽሐፉን ለመጻፍ ያሰበው የግራ ክንፍ ጓዶቹን ስም አልሰጥም በማለቱ ታስሮ በነበረበት ጊዜ ነበር፤ የፊልሙን ድርሰት የጻፈው ዳልተን ትራምቦም በዚያው ዘመን ታስሮ፣ ሥራ ተከልክሎ፣ በብዕር ስም ተደብቆ ሲሠራ የኖረ ደራሲ ነው። የስታንሊ ኩብሪክን አዘጋጅነት፣ የከርክ ዳግላስን መሪ ተዋናይነት ሁሉም ያውቀዋል። ሆኖም ሦስት ሰዓት የሚያልፈው ይህ ፊልም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ዞሮ አቅጣጫውን የሚይዝ ነው፤ ይህም ሰው ድራባ የተባለው ኢትዮጵያዊ ባሪያ፣ መረብና ባለ ሦስት ጣት ጦር ይዞ የሚዋጋ ግላዲያተር ነው።

ስፓርታከስ ወደ ግላዲያተሮች ትምህርት ቤት እንደ ገባ ስሙን ሲጠይቀው ድራባ ሊነግረው አይፈቅድም፤ ነገ በሜዳ ቢገናኙ ሊገድለው ይገደዳልና ወዳጅነት አይፈልግም። ስትሮድ ይህን ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ዓይኑን ከስፓርታከስ ያሸሻል እንጂ። ባርነት ሰውን ከሰው የሚለየው በሰንሰለት ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት ረዥም ንግግር የሚያስፈልገው ደራሲ ካለ ይህን ቦታ ደጋግሞ ይመልከት። ቀጥሎ የሮም ባለጸጎች ለመዝናናት ይመጡና ሁለት ጥንድ ተጋዳዮች እስከ ሞት እንዲዋጉ ያዝዛሉ። ድራባና ስፓርታከስ በአንዲት ጠባብ የእንጨት ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከውጭ የሚገድለውና የሚሞተው ሰው ድምፅ ይሰማል። በዚህ ክፍል ውስጥ ንግግር የለም። ስትሮድ ስፓርታከስን አይቶ ፈገግ ይላል፤ ያች ፈገግታ ይቅርታ ናት ወይስ ስንብት? ጸሐፊው ፊልሙን ባየ ቁጥር የተለያየ መልስ አግኝቷል።

ድራባ ያሸንፋል። ጦሩን በስፓርታከስ ጉሮሮ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ከላይ ግደለው ይባላል። አይገድልም። ጦሩን አዙሮ ወደ ባለጸጎቹ ሰገነት ይወረውራል፤ ራሱም ሊወጣባቸው ይንጠላጠላል። ከኋላው ይወጋል፤ የሮሙ ጄኔራል ክራሰስ (ሎሬንስ ኦሊቪዬ) በገዛ እጁ ይፈጽመዋል። ሬሳው ለሌሎቹ መቀጣጫ እንዲሆን ቁልቁል ይሰቀላል። ዐመፁ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የስፓርታከስ ስም ለዘመናት ሲጠራ፣ የዐመፁን የመጀመሪያ ጦር የወረወረው ግን ስሙን ሊናገር ያልፈለገው ሰው ነው። የንቃት ጉዳይ ለሚያሳስባቸው አንባብያን ይህ ፊልም የሚሰጠው ትምህርት በኋላ ከሚመጡት የጦር ሜዳ ትርኢቶች ሁሉ ይልቅ በዚህች ውሳኔ ላይ ነው፤ ጠላት ፊት ለፊት የተቀመጠው ሳይሆን ከላይ የተቀመጠው መሆኑን መለየት።

በእርግጥ በሮማውያን ዘመን «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል ከግብፅ ወዲያ ላለው ጥቁር ሕዝብ ሁሉ የሚሰጥ ስም ስለ ነበር ድራባ የየት አገር ሰው እንደ ሆነ አንከራከርም። ሽልማቱ ግን የሚያከራክር ነው። ስትሮድ በዚህ ሚናው በረዳት ተዋናይነት ለጎልደን ግሎብ ሽልማት ታጨ፤ ለኦስካር ግን አልታጨም። በዚያው ፊልም የረዳት ተዋናይነትን ኦስካር የወሰደው ፒተር ኡስቲኖቭ ነው፤ የተጫወተውም የግላዲያተሮቹን ባለቤት፣ ሰው ሻጩን ባቲያተስን ነው። ኡስቲኖቭ ድንቅ ተዋናይ ስለ መሆኑ ክርክር የለንም። ነገር ግን ሸላሚዎቹ ከባሪያውና ከባሪያው ጌታ መካከል የማንን ጥበብ ማየት እንደ ቀለላቸው ልብ ማለት ይገባል። የኡስቲኖቭ ጥበብ በቃላት ውስጥ ስላለ ይሰማል፤ የስትሮድ በዝምታ ውስጥ ስላለ የሚያዳምጥ ይፈልጋል።

በዚያው ዓመት ጆን ፎርድ «ሃምሳ አለቃ ራትሌጅ»ን አቀረበ። ራትሌጅ በ1866 ከጥቁሮች የተቋቋመው የ9ኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር የበታች ሹም ነው፤ ባልፈጸመው የመድፈርና የግድያ ወንጀል በጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሚናው የስትሮድ የሕይወቱ ትልቁ ሚና ነው፤ ታሪኩ በስሙ ይጠራል፤ ሆኖም በተዋንያኑ ዝርዝር ላይ ስሙ የተጻፈው በአራተኛ ደረጃ ነው። ጸሐፊው ይህን ፊልም እንደ ብዙዎቹ አያደንቀውም። የፍርድ ቤቱ ቀልድ ያሰለቻል፤ የጥፋተኛው መጋለጥም ከሰማይ የወረደ ነው። ራትሌጅ እንዳያመልጥ እያለ ለምን ወደ ጓዶቹ እንደ ተመለሰ ተጠይቆ፣ ክፍለ ጦሩ ቤቱም ነፃነቱም መሆኑን፣ እርሱም ሰው መሆኑን በተሰበረ ድምፅ የሚመሰክርበት ቦታ ግን ፊልሙን ብቻውን ያስነሣዋል። እንዲሁም በፈረስ ሆኖ የፔኮስን ወንዝ የሚሻገርበት ቦታ አለ፤ ስትሮድ በኋላ ዘመኑ ያን ግልቢያ ሲያነሣ ሕዝቡን በሙሉ ይዞ የተሻገረ ያህል እንደ ኮራበት ይናገር ነበር። ከጥር 23ቱ ፈረሰኞች መካከል ቆሞ ያየ ሰው ይህን ኩራት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። የታሪክ ሊቃውንት ከአሜሪካ የከብት እረኞች አራት አንዱ ያህል ጥቁር ሊሆን እንደሚችል ሲገምቱ፣ ፊልሞቹ ግን ለግማሽ ምዕት ዓመት ያሳዩን ነጭ ፈረሰኛ ብቻ መሆኑን ከዚህ ጋር ማስታወስ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» (1962) በጥቁርና ነጭ የተነሣ፣ በብዙዎች ዘንድ የፎርድ የመጨረሻው ታላቅ ሥራ ተብሎ የሚቆጠር ፊልም ነው። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሉ ራንሰም ስቶዳርድ (ጄምስ ስቱዋርት) ከባለቤቱ ጋር ሺንቦን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ይመጣል። የመጣውም ጋዜጠኞቹ ስሙን እንኳ የማያውቁትን ቶም ዶኒፎን የተባለ ድኻ (ጆን ዌይን) ለመቅበር ነው። በተራ ሳንቃ ሣጥን አጠገብ አንድ ሸበቶ ጥቁር ሰው ተቀምጧል። ፖምፒ ነው፤ ስትሮድ። ስሙ የሮም ጄኔራል ስም ነው፤ የአሜሪካ ባሪያ ፈንጋዮች ለባሪያዎቻቸው የጥንት ጀግኖችን ስም እያወጡ ይሣለቁ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውስ።

የፖምፒን ሚና በአማርኛ ለመሰየም «ረዳት» ወይም «አጃቢ» የሚሉት አዳዲስ ቃላት አይበቁም። ትክክለኛው ቃል በእጃችን ያለ አሮጌ ቃል ነው፤ ጋሻ ጃግሬ። ጋሻ ጃግሬ የጌታውን ጋሻና ጠመንጃ ተሸክሞ ይሄዳል፤ በሚያስፈልግ ሰዓት አቀብሎ ይሰወራል። ጌታው በፈረሱ ስም አባ እገሌ ተብሎ ይፎከርለታል፤ ልጓሙን የያዘው ግን በፉከራው ውስጥ የለም። የፊልሙ ምሥጢር ሁሉ የተቋጠረው በዚህ ላይ ነው። ስቶዳርድ በአደባባይ ታዋቂ የሆነው ሽፍታውን ሊበርቲ ቫላንስን (ሊ ማርቪን) በመግደሉ ነው፤ በእውነት የገደለው ግን በጨለማ ጥግ ቆሞ የተኮሰው ቶም ነው። ቶም የተኮሰበትን ጠመንጃ ማን አቀበለው? ፖምፒ። ፎርድ ይህን በአንዲት እንቅስቃሴ ያሳየናል፤ ጠመንጃው በጨለማው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይወረወራል። ስትሮድ ፊቱን ለካሜራው አይሰጥም። የእጁ ፍጥነት ግን ይህ ነገር በሁለቱ መካከል መቶ ጊዜ የተደረገ መሆኑን ይነግረናል። ዓመታት የፈጀ ወዳጅነትና ዓመታት የፈጀ አገልጋይነት በአንድ ጊዜ።

የትምህርት ቤቱን ትዕይንት መምህራን ሁሉ ቢያዩት እንወዳለን። ስቶዳርድ ለሕፃናትና ለጎልማሶች በአንድነት ፊደል ያስቆጥራል፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ፖምፒ ነው። በሊንከን ሥዕል ፊት ቆሞ በአሜሪካ የነፃነት መግለጫ ላይ ያለውን ቃል በቃሉ እንዲወጣ ይጠየቃል። ይጀምራል፤ ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው መፈጠራቸውን የሚናገረው ሐረግ ላይ ሲደርስ ይጠፋዋል። መምህሩ ይሞላለትና ብዙ ሰዎች ይህችን ቦታ እንደሚረሷት ተናግሮ ያጽናናዋል። ተመልካች ይስቃል፤ ወይም ያለቅሳል። ሁለቱም ምላሽ የደራሲው ነው። የተዋናዩ ሥራ ሌላ ነው፤ ስትሮድ መርሳቱን የሚጫወተው እንደ ሰነፍ ተማሪ አይደለም። ቃሉን እያወቀ፣ ከአፉ ሊያወጣው ሲል አንድ ነገር ጉሮሮውን እንዳነቀው ሰው ነው። በተማረው ቃልና በኖረው ኑሮ መካከል ያለው ርቀት ነው ያነቀው። ወዲያው ቶም ዶኒፎን ይገባና ፖምፒ ሥራውን ትቶ እዚህ መገኘቱን ተቆጥቶ ያስወጣዋል። ወዳጁ፣ የሚወደው፣ ሊሞትለት የተዘጋጀለት ሰው ከትምህርት ገበታ ያስነሣዋል! በአንዲት ክፍል ውስጥ የሰውን እኩልነት የሚያስተምር ሕግና ያንኑ የሚነፍግ ልማድ ተገናኝተዋል፤ መካከላቸው የቆመው ስትሮድ ነው፤ የሚናገረው ቃልም የለውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። ምርጫ ሲደረግ ፖምፒ ከውጭ ጠመንጃውን ይዞ ይቀመጣል። በመጠጥ ቤት አሻሻጩ ሊቀዳለት አይፈልግም። ቶም ሰክሮ ቤቱን ሲያቃጥል ከእሳት ጎትቶ የሚያወጣው ፖምፒ ነው፤ ፈረሶቹንም የሚያተርፍ እርሱ ነው። ወደዚያ ቤት በጋሪ ሲሮጡ በሚታየው ቦታ ላይ፣ ዌይን ፈረሶቹን መግታት አቅቶት ስትሮድ ሊያግዘው እጁን ቢዘረጋ እንደ ገፈተረው፣ ሁለቱም ሊደባደቡ ሲሉ ፎርድ እንደ ገላገላቸው ከቀረጻው የተረፈ ወሬ ይተርካል። እውነትም ይሁን የተጋነነ፣ በሸራው ላይ ልጓሙን ማን ያውቅበት እንደ ነበር ለፈረሰኛ ዓይን ግልጽ ነው።

ስለዚህ ፊልም የተጻፈው ሂስ አብዛኛው የሚያተኩረው በመጨረሻው ላይ ነው፤ ጋዜጣ አዘጋጁ እውነቱን ከሰማ በኋላ አፈ ታሪኩን ማተም መርጦ ማስታወሻውን ይቀድደዋል። ስለ እውነትና ስለ አፈ ታሪክ ብዙ ተብሏል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሲነሣ አልሰማንም። ጋዜጠኞቹ እውነቱን የሚሰሙት ከስቶዳርድ ነው፤ ስቶዳርድ የሰማው ከቶም ነው፤ ቶም ሞቷል። በዚያች ሌሊት በጥጉ ከቶም ጋር ቆሞ የነበረ፣ በሕይወት ያለ ብቸኛ የዓይን ምስክር በሬሳው አጠገብ ተቀምጧል። ከጋዜጠኞቹ አንዱም ዞር ብሎ አይጠይቀውም። ስቶዳርድም ሲሰናበት ገንዘብ ያስጨብጠዋል እንጂ መስክር አይለውም። ፎርድ ይህን አስቦበት ይሁን ሳያስበው ልንወስን አንችልም፤ ስትሮድ ግን አስቦበታል ብሎ ጸሐፊው ያምናል። በዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ሰው ምንም እንደማያውቅ ሰው አይደለም የተቀመጠው። ሁሉን እንደሚያውቅና እንደማይጠየቅ እንደሚያውቅ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ሂሱ ሚዛኑን እንዳይስት ተቃራኒውን ማንሣት ያስፈልጋል። ዝምታውን ይህን ያህል ስናደንቅ፣ ዝምታው የተሰጠው መሆኑን እንጂ የመረጠው አለመሆኑን መርሳት የለብንም። «ባለ ግርማ» ተብሎ መወደስ ለጥቁር ተዋናይ ወጥመድ ነበር፤ ግርማ ያለው ሰው እንዲናገር አይጠየቅምና። ሆሊውድም ቁመናውን ለማንኛውም ባዕድ አከራየው፤ በ1961 የኮማንቺ ጎሣ ተዋጊ፣ በ1966 በፎርድ የመጨረሻ ልብ ወለድ ፊልም «ሰባት ሴቶች» ላይ የሞንጎል ተዋጊ አደረገው። እነዚህን ሚናዎች ለማመስገን የሚበቃ ምክንያት አላገኘንም። በዚያው በ1966 ሪቻርድ ብሩክስ በሠራው «ባለሙያዎቹ» ላይ ከአራቱ ቅጥረኞች አንዱ፣ ዱካ አዋቂውና ቀስተኛው ሆኖ ከበርት ላንካስተር፣ ከሊ ማርቪንና ከሮበርት ራያን ጋር እኩል ይጋልባል፤ ስሙ ግን ከሦስቱ ጎን በእኩል ደረጃ አልተጻፈም።

ያም ሆኖ ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ ይህን ዝምታ አይቶ ምን ሊያደርግበት እንደሚችል ያወቀ ሰው ነው። «ከዕለታት አንድ ቀን በምዕራቡ» (1968) ሲጀምር ሦስት ነፍሰ ገዳዮች በምድረ በዳ ባቡር ጣቢያ ሰው ይጠብቃሉ። ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚሆን ነገር የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ዝንብ ያስቸግረዋል፤ አንዱ ጣቱን ያንቋቋል፤ ስትሮድ በውኃ ጋን ሥር ቆሞ ከላይ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ ራሱ ላይ ያርፍበታል። አይሸሽም። ባርኔጣውን ይደፋል፤ ጠብታው በባርኔጣው ክፈፍ ውስጥ ይጠራቀማል። በመጨረሻ ባርኔጣውን አውርዶ ውኃውን ይጠጣዋል። ይኸው ነው። ከዚያ ባቡሩ ይመጣል፤ ቻርልስ ብሮንሰን ይወርዳል፤ ለእኔ ፈረስ አመጣችሁልኝን ብሎ ይጠይቃል፤ አንድ ፈረስ ጎደለን ብለው ይሣለቃሉ፤ እርሱ ደግሞ ሁለት እንደ ተረፋቸው ይነግራቸዋል። ሦስቱም ይወድቃሉ። ስትሮድ በፊልሙ ውስጥ ከዚህ በኋላ የለም። ነገር ግን ፊልሙን ያዩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ያችን የባርኔጣ ውኃ ነው። ድራማ ክበብ ውስጥ ዘብ ሆኖ እንዲቆም የታዘዘ ወጣት የሚሠራው ነገር አጣሁ ሲል ይህን ቢያይ ይጠቅመዋል፤ መቆም ራሱ ሥራ ነው፤ የቆመ ሰው ይጠማዋል፣ ይሞቀዋል፣ ያስባል።

በዚያው ዓመት ጣሊያን አገር በቫሌሪዮ ዙርሊኒ ፊልም ላይ መሪ ተዋናይ ሆኖ ሞሪስ ላሉቢን ተጫወተ፤ ገጸ ባሕርዩ በጥር 1961 የተገደለውን የኮንጎውን መሪ ፓትሪስ ሉሙምባን መነሻ ያደረገ ነው። በአሜሪካ «ጥቁሩ ኢየሱስ» በሚል ርእስ ታየ። ፊልሙ ከፖለቲካው ይልቅ በሕማማት ምሳሌው ላይ ስላተኮረ ሉሙምባን ከታጋይነት ወደ ሰማዕትነት አሳንሶታል የሚል ነቀፌታ ቢቀርብበት አንቃወምም። የስትሮድ ፊት ግን በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ለገዳዮቹ የሚሰጠው ነገር የለም። ለአንድ አፍሪካዊ መሪ ሚና ሁለት ጊዜ ማሰብ ያላስፈለገው አውሮፓ ነበር፤ አገሩ አይደለም።

የእኛም ተዋንያን በዚህ ጎዳና ላይ አልፈዋል። ደበበ እሸቱ በ1973 የቀረበውና በከፊል በኢትዮጵያ የተቀረጸው «ሻፍት በአፍሪካ» ላይ በረዳት ተዋናይነት ተሳትፏል። ለውጭ ፊልም ሠሪ ኢትዮጵያ መልክዓ ምድር፣ ኢትዮጵያዊው ተዋናይም የመልክዓ ምድሩ አካል ሆኖ በሚታይበት ቦታ ላይ የራስን ሰውነት ይዞ መገኘት ምን ያህል ትግል እንደሚጠይቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። እንዲህ ያሉ ሚናዎቻቸው ከመሪ ሚናዎቻቸው ባላነሰ ጥንቃቄ ሊጠኑ ይገባ ነበር፤ ይህ ሥራ አልተሠራም፤ የቴአትር መምህራን ሊይዙት የሚችሉት ሥራ ነው።

ስትሮድ በ1990 የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ። በ1995 የቀረበው «ቶይ ስቶሪ» የተባለው የልጆች ፊልም መሪ ገጸ ባሕርይ፣ ውዲ የተባለው የካውቦይ አሻንጉሊት፣ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። የዓለም ልጆች ሁሉ ስሙን ይጠራሉ፤ አሻንጉሊቱ ግን ነጭ ነው። እርሱ ይህን አላየም፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1994 በ80 ዓመቱ በካሊፎርኒያ፣ ግሌንዶራ በምትባል ከተማ አርፏል። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የመጨረሻ ፊልሙ ታየ፤ የሳም ራይሚ የካውቦይ ፊልም ነው። ዋናዎቹ ተዋንያን ሻሮን ስቶንና ጂን ሃክማን ናቸው። ስትሮድ የሬሳ ሣጥን ሠሪውን ሆኖ ለአጭር ጊዜ ይታያል። በመጨረሻ ላይ በሚወጣው የስም ዝርዝር ፊልሙ ለእርሱ መታሰቢያ መሆኑ ብቻውን ተጽፏል።